ለመንጃ ፈቃድ እድሳት የሚደረገው የጤና ምርመራ ለአዛውንት ሾፌር ይበቃል?

የፊደል ሰሌዳ አስነብቦ፣ የደም ግፊት ለክቶ የሚያበቃ ምርመራ ለወጣት ያስኬድ ይሆናል። ስልሳን ለተሻገረ የጅማ ሾፌር ግን ጎዶሎ ነው፤ ጉድለቱም ከዓይን ይጀምራል።

የፊደል ሰሌዳው የሚነበበው ከ6 ሜትር ነው። ክፍሉ ጠቦ ተመርማሪው 4 ሜትር ላይ ከቆመ፣ 6/18 የሆነ ዓይን (ጤነኛ ዓይን ከ18 ሜትር የሚያነበውን ከ6 ሜትር ብቻ የሚያነብ) ከእውነቱ የተሻለ ሆኖ 6/12 ተብሎ ይጻፍለታል። ስለዚህ ርቀቱ ይለካልኝ ማለት ነውር የለውም። አንዱ ዓይን ሲሸፈን በካርቶን ይሁን፤ በጣት መሃል ማየት ይቻላልና። ይዘው የሚሄዱትም የሚነዱበትን መነጽር እንጂ የሚያነቡበትን አይደለም።

ሰሌዳው ጨርሶ የማይነካው ነገር ደግሞ አለ። የዓይን ሞራ የጀመረው ሰው ቀን በደህና አንብቦ ያልፋል፤ ማታ ከፊት የመጣ መኪና ረጅም መብራት ሲለቅበት ግን መንገዱ ይጠፋበታል። ግላኮማ የተባለው የዓይን በሽታ ያለ ሕመም የጎን እይታን እየበላ ስለሚሄድ፣ ከጎን ሹልክ የሚል ባጃጅ የሚታየው አጠገብ ከደረሰ በኋላ ነው። መርማሪው አንድ ሜትር ርቆ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ አንድ ዓይን አስሸፍኖ፣ ጣቱን ከዳር ወደ መሃል እያንቀሳቀሰ ቢፈትሽ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። መሣሪያ የማይጠይቅ ፍተሻ መዘለሉ ያሳዝናል። ጥርጣሬ ካለ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ሕክምና ክፍል አለው፤ የዓይን ግፊትንም ማስለካት ነው።

የደም ግፊት ሲለካ ችግሩ ጥድፊያ ነው። ደረጃ ወጥቶ ወዲያው ክንዱን የዘረጋ ሰው ግፊቱ ከፍ ብሎ ይገኛል። አምስት ደቂቃ ዐረፍ ማለት፣ እጅጌን መሰብሰብ፣ ከመለካት በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አለመጠጣት ያስፈልጋል። (ጅማ ላይ ይህ ቀላል እንዳልሆነ ይገባናል።)

አንገትም ይታይ። ወደ ትከሻው መዞር ያቃተው ሾፌር ስፖኪዮ የማያሳየውን ቦታ አያይም።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይናገሩ፤ የሚያስተኛ የጉንፋን ክኒንም ሳይቀር። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ወደ አዲስ አበባ ከመነሳቱ በፊት የደም ስኳሩን ይለካ፤ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ መሪ አይያዝ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነውና ሳይበላ አይነሳ። የጊቤ ቁልቁለት ላይ ላብ ላብ ካለው ወይም እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ዳር ይዞ ይቁምና ስኳር ይቃም። ስኳሩ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ እንጂ ኋላ ሻንጣ ውስጥ አይሁን።