ትልቅ ዝርያ ቡችላ ለምትገዙ፦ «የዕድገት ጥቅል» ሲሏችሁ እንዳትሸወዱ

የጀርመን ሼፐርድ፣ የሮትዋይለር፣ የግሬት ዴን ወይም የሌላ ትልቅ ዝርያ ቡችላ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት እባካችሁ ይሄን አንብቡ። ከቡችላው ጋር አብሮ የሚሸጥ «የዕድገት ጥቅል» የሚባል ነገር አለ። የካልሲየም ዱቄት፣ የቪታሚን ሽሮፕ፣ አንዳንዴም «ለመገጣጠሚያ» የሚባል እንክብል። ሻጩ «ትልቅ ውሻ ነው፣ አጥንቱ ብዙ ካልሲየም ይፈልጋል» ይላችኋል። ለሰሚው ልክ ይመስላል። የሚያናድደኝም ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ጥቅሉ ገንዘብ ማባከን ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልጮህም ነበር። ይጠብቀዋል የተባለውን ያንኑ አጥንት ሊያበላሽ ይችላል።

ለእኔ የቀረበልኝን ውል ልንገራችሁ። ከላይ በደማቁ «የዳሌና የክርን ዋስትና» ይላል። ደስ ይላል። ወረድ ብሎ በደቃቅ ፊደል ደግሞ ገዢው የተጠቀሰውን ማሟያ ሳያቋርጥ ካልሰጠ ዋስትናው እንደሚሰረዝ ተጽፏል። ማሟያው የሚታዘዘው በሻጩ መለያ ቁጥር ብቻ ነው። በየወሩም በራሱ እየታደሰ ገንዘብ ይቆርጣል። ማለትም ቡችላውን አንዴ ትገዛላችሁ፣ ዱቄቱን ግን ዋስትናው እስኪያበቃ ድረስ። ሻጩም ከእያንዳንዱ ቆርቆሮ ድርሻ አለው።

«የተሟላ የፋብሪካ ምግብ እየሰጠሁት ይሄ ለምን ያስፈልጋል?» ብዬ ጠየቅሁ። «ምግቡ ብቻውን አይበቃም፤ ይሄን ካልሰጡት እግሩ ይጎብጣል» አለኝ። ቆርቆሮውን ተቀብዬ ዙሪያውን አነበብኩት። «ለ10 ኪሎ 1 ማንኪያ» ይላል። በአንድ ማንኪያ ውስጥ ስንት ግራም ካልሲየም እንዳለ ግን የትም የለም። የቪታሚን ዲ መጠኑም አልተጻፈም። የውሻው ዕድሜ፣ የሚበላው የምግብ ዓይነት፣ ምንም አልተጠቀሰም። ውሉን ሳልፈርም መለስኩለት፤ ቡችላዬንም ከሌላ ሰው ወሰድኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ያደገ ውሻ ከምግቡ ካልሲየም ሲበዛበት አንጀቱ የሚያስገባውን መጠን ይቀንሳል። ትርፉ በሰገራ ይወጣል። ቡችላ ግን እስከ 6 ወር ገደማ ይሄን መቆጣጠሪያ በቅጡ አላዳበረም። ዘበኛ እንደሌለው በር ነው፤ ብዙ ካልሲየም ከመጣ ብዙ ይገባል። ይሄ የግል ግምቴ አይደለም። በኔዘርላንድ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በግሬት ዴን ቡችሎች ላይ ደጋግመው አሳይተውታል። ከልክ ያለፈ ካልሲየም የበሉት ቡችሎች አጥንታቸው በትክክል አላደገም።

እንዴት? የቡችላ አጥንት የሚረዝመው ጫፉ አካባቢ ባለው ልም አጥንት በኩል ነው። ልሙ በየጊዜው ወደ ጠንካራ አጥንት ይለወጣል። ካልሲየም ሲበዛ ይሄ ለውጥ ይስተጓጎላል። ልሙ መለወጥ በነበረበት ጊዜ ሳይለወጥ ይቀራል፣ ይወፍራል፣ አንዳንዴ በመገጣጠሚያው ውስጥ ይሰነጠቅና ይላጣል። በፊት እግር ላይ ጎን ለጎን ካሉት ሁለት አጥንቶች አንደኛው ወደ ኋላ ሲቀር ሌላው ይታጠፋል። እግሩ ይጎብጣል ማለት ነው። ሻጩ «እንዳይጎብጥ» ብሎ የሸጠው ዱቄት ያንኑ ጉብጠት ሊያመጣ ይችላል። በዚያ ላይ ትርፍ ካልሲየም ዚንክን የመሳሰሉ ማዕድናት በደንብ እንዳይገቡ ያደርጋል። ትንንሽ ዝርያዎች ይሄን ያህል አይጎዱም። ትልልቆቹ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ እጅግ ብዙ አጥንት ስለሚሠሩ ስህተቱ በእነሱ ላይ ጎልቶ ይወጣል።

«አንዲት ማንኪያ ምን ታመጣለች?» ለምትሉ አብረን እናስላ። የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር፣ በአጭሩ አፍኮ፣ ለሚያድጉ ትልልቅ ዝርያዎች ያስቀመጠው የካልሲየም መጠን እርጥበቱ ከወጣለት ምግብ ከ1.2 እስከ 1.8 በመቶ ነው። ለሌሎች ውሾች ጣሪያው 2.5 በመቶ ነው። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ ለትልልቆቹ ጣሪያው ዝቅ ያለው ሆን ተብሎ ነው። ቡችላችሁ በቀን 300 ግራም ደረቅ ምግብ ይበላል እንበል። ምግቡ 1.2 በመቶ ካልሲየም ካለው 3.6 ግራም ያገኛል። በዚህ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ወደ 5 ግራም የሚሆን፣ ካልሲየም ካርቦኔት ጨመራችሁበት። ከክብደቱ 40 በመቶው ካልሲየም ስለሆነ 2 ግራም ይጨምራል። ድምሩ 5.6 ግራም። ለ300 ግራም ሲካፈል 1.87 በመቶ። እርጥበቱን ስትቀንሱለት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ያውም ከዝቅተኛው ተነስተን ነው! ብዙዎቹ ምግቦች ከ1.2 በላይ አላቸው፣ ሻጩም የሚያዘው አንድ ማንኪያ ብቻ አይደለም።

ከካልሲየሙ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሽሮፑ ነው። ቪታሚን ኤ እና ዲ በስብ ውስጥ የሚሟሙ ናቸው። ሲተርፉ ሰውነት ቶሎ በሽንት አያስወጣቸውም፣ ያከማቻቸዋል። ቪታሚን ዲ ሲበዛ የደም ካልሲየም ይጨምራል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ምልክቶቹ ማስታወክ፣ ምግብ መጥላት፣ ብዙ ውሃ መጠጣት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናትና መክሳት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከልክ ያለፈ ቪታሚን ዲ ስለተገኘባቸው በርካታ ደረቅ የውሻ ምግቦች ሕዝቡን ማስጠንቀቁ ይታወሳል። በፋብሪካ የሚመዘን ምግብ ላይ እንኳ እንዲህ ከተሳሳተ፣ መጠኑ ያልተጻፈበትን ሽሮፕ በማንኪያ እየሰፈሩ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የዓሣ ጉበት ዘይትም ሁለቱንም ቪታሚኖች የያዘ ስለሆነ «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

የሰው ቪታሚን የምትሰጡ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ተዉት። አንዳንዱ ብረት አለው፣ ብረት ሲበዛ ውሻን ይመርዛል። የሚታኘኩት ጣፋጮች ውስጥ ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ሊኖር ይችላል። ለሰው ችግር የለውም። ውሻ ላይ ግን የደም ስኳርን በድንገት ይጥላል፣ ጉበትንም ሊያጠፋ ይችላል። ቡችላው ከበላው ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ሻጮች የሚደጋግሟቸው ሌሎች ወሬዎችም አሉ። «ጆሮው እንዲቆም ካልሲየም ስጡት» የሚለው በጀርመን ሼፐርድ ባለቤቶች ዘንድ የታወቀ ነው። ጆሮ አጥንት የለውም፣ ልም አጥንት ነው። ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ጥርስ ሲቀይር ቆሞ የነበረ ጆሮ መውደቁ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይቆማል። እናም በዚያው ሰሞን ዱቄት የሰጠ ሰው «ዱቄቱ ነው ያቆመው» ብሎ ለጓደኛው ይመክራል። «ቪታሚን ሲ የዳሌ መውለቅን ይከላከላል» የሚሉም አሉ። ጤነኛ ውሻ ቪታሚን ሲን በገዛ ጉበቱ ይሠራል፤ ዳሌን ያድናል የሚለውም አልተረጋገጠም። ፕሮቲን አጥንት ያበላሻል እየተባለ ቡችሎች ሲራቡም አያለሁ። እዚያው ግሬት ዴን ላይ ተፈትኖ የፕሮቲኑ መጠን መለያየት የአጥንት ችግር አላመጣም።

ማሟያ በጭራሽ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ቡችላውን ቤት ውስጥ በተዘጋጀ ምግብ፣ በተለይ በሥጋ ብቻ የምታሳድጉት ከሆነ ካልሲየም በእርግጥ ያንሰዋል። ሥጋ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከካልሲየሙ ከ10 እጥፍ በላይ ነው። እንዲህ ሲሆን ሰውነቱ የጎደለውን ካልሲየም ከራሱ አጥንት ይነጥቃል፣ አጥንቱም በትንሽ ዝላይ ሊሰበር ይችላል። ግን መፍትሔው በግምት የሚበተን ዱቄት አይደለም። የእንስሳት ሐኪም የሚበላውን ሁሉ ይዞ፣ ካልሲየምንና ፎስፈረስን አመዛዝኖ፣ በግራም ሊያሰላው ይገባል። ያለዚያ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ለጥቅሉ የምታወጡትን ገንዘብ ጥሩ ምግብ ላይ አውሉት። ማሸጊያው ላይ «የተሟላና የተመጣጠነ» የሚል ብቻ ሳይሆን፣ ሲያድጉ 32 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚመዝኑ ውሾች ዕድገት እንደሚሆን የሚገልጽ ጽሑፍ ፈልጉ። ካላገኛችሁ ለአምራቹ ጻፉና የካልሲየሙን ትክክለኛ መጠን ጠይቁ። መልስ የማይሰጥ አምራች ራሱ መልስ ነው። ከዚያ ቡችላውን አታወፍሩት። የጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ በቀላሉ መታወቅ አለበት፣ ከላይ ሲታይም ወገቡ ገባ ማለት አለበት። በ48 ላብራዶሮች ላይ ዕድሜ ልካቸውን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አለ። ከአቻዎቻቸው 25 በመቶ ያነሰ የበሉት የዳሌና የመገጣጠሚያ ችግራቸው ቀንሶ፣ በአማካይ ወደ 2 ዓመት ገደማ ረዝመው ኖረዋል። እንዲህ ያለ ውጤት በዱቄት አይገኝም።

ዱቄቱን ጀምራችሁ ከሆነ ቆርቆሮውንና የምግቡን ማሸጊያ ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። የተሟላ ምግብ የሚበላ ቡችላ ማሟያው ቢቋረጥበት የሚጎድልበት የለም። በቤት ምግብ የሚያድገውን ግን ሐኪሙ ሳያየው ምንም አትቀንሱበት። ቡችላው ካነከሰ፣ ከፊት እግሩ አንጓ በላይ ካበጠ፣ እግሮቹ ወደ ውጭ ከዞሩ ወይም መነሳት ከከበደው «ያድጋል ይስተካከላል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ራጅ ያስፈልገዋል።

ስለ ውሉ ደግሞ፦ ማሟያውን የሚያስገድደው አንቀጽ እንዲሰረዝ በግልጽ ጠይቁ። አንድ ወር ያዘዛችሁበት ደረሰኝ ቢጠፋ የሚፈርስ ዋስትና ላም አለኝ በሰማይ ነው። የዳሌ ችግር በአብዛኛው ከዘር የሚመጣና በክብደት የሚባባስ ነው። ስለዚህ ከዋስትናው ይልቅ የእናትና የአባቱን የዳሌና የክርን ራጅ ውጤት፣ 2 ዓመት ከሞላቸው በኋላ በባለሙያ የተነበበውን፣ አሳዩኝ በሉ። ሻጩ ያንን ማሳየት ካልቻለ ጥቅሉን ብቻ ሳይሆን ቡችላውንም ተዉለት።