ስለ ንስሐ ፍሬ የተሰጠው የባሕር ዳር የሠርክ ጉባኤ፦ የአንድ ምእመን አስተያየት

በዐቢይ ጾም ጣና ዳር ካሉት የባሕር ዳር አጥቢያዎች በአንዱ የተካሄደው የሠርክ ጉባኤ መነሻውን ያደረገው በማቴዎስ ወንጌል 3፥8 ላይ ያለውን «እንግዲህ ለንስሐ የሚገባ ፍሬ አድርጉ» የሚለውን ቃል ነበር። ስለ ንስሐ የሚሰጡ ትምህርቶች ብዙውን ጊዜ ስለ ኃጢአት ክብደትና ስለ እንባ ተናግረው ኑዛዜው ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ይህ ጉባኤ ግን ከኑዛዜ በኋላ ያለውን ኑሮ ዋና ጉዳዩ አድርጎ በመያዙ ከልብ ሊመሰገን ይገባዋል።

ትምህርቱ እጅግ የሠመረው የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 በተተረጎመ ጊዜ ነው። ሕዝቡ «ምን እናድርግ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መጥምቁ ዮሐንስ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል፣ ቀራጮች ከታዘዘላቸው አብልጠው እንዳይወስዱ፣ ጭፍሮችም ግፍና የሐሰት ክስ ትተው ደመወዛቸው እንዲበቃቸው ነገራቸው እንጂ፣ ሥራቸውን ጥለው በረሃ እንዲገቡ አላዘዛቸውም። መምህሩ ይህን መልስ ወደ ከተማችን አምጥተው፣ ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ፣ ጉቦ ካላየ ፋይል የማያነሣ ሠራተኛ፣ የተከራዩን ችግር እያወቀ ኪራይ የሚቆልል ባለቤት፣ የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ የምታዘገይ እመቤት፣ እያንዳንዳቸው የንስሐቸው ፍሬ በምን ሊታይ እንደሚገባው ሳያድበሰብሱ አስረዱ። የቀራጮች አለቃ የነበረው ዘኬዎስም ለድሆች የሀብቱን እኩሌታ ከመስጠቱ በላይ፣ በሐሰት ለወሰደው አራት እጥፍ እመልሳለሁ ማለቱን ጠበቅ አድርገው አነሡ፤ ካሳ ለመክፈል አቅም እያለው የበደለውን ሰው ፊት የሚሸሽ ሁሉ ይህን ሊሰማው ይገባል እላለሁ። ቡና ከሚበቅልባት ከጣና ዳሯ ከዘጌ ለመጡትም፣ የቡና ዛፍ ያፈራውን ራሱ እንደማይበላው ሁሉ፣ የተነሳሒውም ፍሬ ለባልንጀራው እንደሚተርፍ ነገሯቸው።

ንስሐ አባት የሚሰጡት ቀኖና፣ ማለትም ጾሙ፣ ስግደቱና ምጽዋቱ፣ ለኃጢአት የሚከፈል ዋጋ ሳይሆን ልብን በአዲስ መንገድ ማለማመጃ መሆኑም በአጭሩና በጥሩ ሁኔታ ተብራርቷል። በገላትያ 5፥22-23 ያሉት የመንፈስ ፍሬዎች ግን በጥድፊያ ታልፈዋል፤ ቢያንስ ትዕግሥትና ራስን መግዛት ራሱን የቻለ ምሽት ያስፈልጋቸው ነበር።

ቅር ያሰኘኝ ከትምህርቱ በኋላ የነበረው የምክርና የኑዛዜ አገልግሎት ነው። የሚናዘዘው ሰው ብዙ፣ የሚቀበሉት ካህናት ጥቂት በመሆናቸው፣ ለረጅም ዘመን የታመቀ ሸክም ይዞ የመጣ ሰው ተራ የሚጠብቁት በሚሰሙበት ርቀት ቆሞ በችኮላ እንዲናገር ተገድዷል። ኑዛዜ ምስጢር ነውና አዘጋጆቹ ከለል ያለ ቦታ ቢለዩ፣ ንስሐ አባት የሌላቸውንም መዝግበው በአጥቢያቸው ካሉ ካህናት ጋር በቀጠሮ ቢያገናኙ፣ የተዘራው ቃል በዚያው ምሽት አይባክንም።

ጉባኤው ለፍልሰታ ጾም የሚቀጥል ከሆነ በሉቃስ 13፥6-9 ያለው የበለስ ምሳሌ እንዲተረጎም እጠይቃለሁ። ባለቤቱ ፍሬ ያጣባትን በለስ ቁረጣት ሲል፣ አትክልተኛው ኮትኩቶ ፋንድያ እስኪያፈስላት ድረስ ለዚያች ዓመት እንዲተዋት ለምኖላታል። ንስሐ ገብተው ደግመው ደጋግመው የወደቁ፣ በዚህም አፍረው ከካህን የራቁ ብዙዎች በመካከላችን አሉና፣ ስለ እነርሱ በዐቢይ ጾሙ ያልተነገረው በፍልሰታ ይነገርልን።