11 ድል ተብሎ ሲደመር 8.5፦ የአንድ የኮሌጅ ፉትቦል ትንበያ አገልግሎት ግምገማ

ለ2024 የአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል (የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋጠሙበት ስፖርት) የውድድር ዘመን ከፍዬ የተመዘገብኩበት የትንበያ አገልግሎት ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ገጽ መድቦ፣ በ12ቱ መደበኛ ጨዋታዎች ያለውን የማሸነፍ ዕድል በመቶኛ ይዘረዝራል፤ ከገጹ ግርጌም የዓመቱን ድልና ሽንፈት በጉልህ ቁጥር ያሰፍራል። አሠራሩ ቀላል፣ መረጃውም ብዙ ነው። ችግሩ ያለው ዓይን መጀመሪያ በሚያርፍበት በዚያው ጉልህ ቁጥር ላይ ነው።

አንዱን ገጽ ወረቀትና እርሳስ ይዤ መረመርኩት። ቡድኑ በአምስት ጨዋታዎች የ90፣ በስድስት ጨዋታዎች የ60፣ በቀሪው አንድ ጨዋታ ደግሞ የ40 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ተሰጥቶታል፤ ትንበያውም 11 ድልና 1 ሽንፈት ይላል። እነዚሁ መቶኛዎች ሲደመሩ ግን 4.5፣ 3.6 እና 0.4፣ በጠቅላላው 8.5 ድል ብቻ ይሆናሉ። አገልግሎቱ ከ50 በመቶ ያለፈውን ጨዋታ ሁሉ እንዳለቀለት ድል ቆጥሮታል። የአንዱ ጨዋታ ውጤት በሌላው ላይ ተጽዕኖ የለውም ብለን ብናሰላ፣ ይህ ቡድን 11 ወይም ከዚያ በላይ ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ 8 በመቶ እንኳ አይሞላም። 11 ድል ተስፋ የተሰጠው ደጋፊ ቡድኑ ስምንት ብቻ ሲያሸንፍ አሠልጣኙን ሲያማ ይከርማል፤ ስህተቱ ግን ገና ጨዋታ ሳይጀመር የተሠራ የድምር ስህተት ነው።

መቶኛዎቹ ራሳቸው ግን በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው። የሜዳ ባለቤትነትን ከግምት ያስገባሉ፤ ባለፈው ዓመት ብዙ ጨዋታ በጠባብ ልዩነት ያሸነፈ ቡድንም ያንኑ ዕድል ይደግማል ብለው አይገምቱም።

የሚደናቀፉት የተጫዋቾች ስብስብ በአንድ ክረምት ሲገለባበጥ ነው። ከ2021 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዛወር ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይቀመጥ ወዲያው መሰለፍ ስለሚችል፣ ያለፉት ዓመታት ውጤት የቀድሞውን ያህል አይመራም። በ2023 ከ12 ጨዋታ ሦስቱን ብቻ ያሸነፈው ኢንዲያና፣ ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ በመጡት አሠልጣኝ ከርት ሲግኔቲና ተከትለዋቸው በመጡ ተጫዋቾች 2024ን በ11 ድልና በ2 ሽንፈት ጨርሷል። በአንጻሩ 2023ን በ13 ድልና በ1 ሽንፈት የፈጸመው ፍሎሪዳ ስቴት፣ በዜና ወኪሉ አሶሺየትድ ፕሬስ የቅድመ ውድድር ደረጃ 10ኛ ሆኖ ጀምሮ በ2 ድልና በ10 ሽንፈት ጨርሷል። አገልግሎቱ ሁለቱንም ስቷቸዋል። በዚህ ብቻ አልወቅሰውም፤ የምወቅሰው አሠልጣኝና ኳርተርባክ (የማጥቃቱን ጨዋታ የሚመራ ተጫዋች) ለቀየረ ቡድን የሚሰጠው ግምት ብዙም ላልተለወጠ ቡድን ከሚሰጠው ጋር እኩል እርግጠኛ መስሎ በመቅረቡ ነው።

ሌላው ጉድለት የእያንዳንዱን የድል ብዛት ዕድል አለማሳየቱ ነው። ከመደበኛው ውድድር በኋላ ዋንጫው የሚለይበት ፕሌይኦፍ በ2024 ከ4 ወደ 12 ቡድን ስላደገ፣ ዘጠኝ፣ አሥርና አሥራ አንድ ድል የማግኘት ዕድልን ለየብቻ ማወቅ ከአንድ ቁጥር እጅግ ይበልጣል። በዚያው ዓመት ኦሃዮ ስቴት በሜዳው በሚሺጋን 13 ለ 10 ተሸንፎ፣ መደበኛውን ውድድር በሁለት ሽንፈት ቢጨርስም ዋንጫውን ወስዷል።

ለመቶኛዎቹ ስል ምዝገባዬን አድሳለሁ። የግርጌውን ቁጥር ግን ራሴ ደምሬ እተካዋለሁ።