ሜዞን ካመርዜል፣ ስትራስቡርግ፦ ከምግቡ በፊት ቤቱን እዩ

በፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ ከተማ፣ በካቴድራሉ አደባባይ ጥግ ላይ፣ ከምድር ቤቱ በላይ በተቀረጸ ጠቆር ያለ እንጨት የተዋበ ረጅም ቤት ቆሟል። ዛሬ ምግብ ቤትና ሆቴል ነው። የመካከለኛው ዘመን ቤት ይባላል እንጂ ከዚያ ዘመን የቀረው የድንጋዩ ምድር ቤት ነው፤ የተሠራው በ1467 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የላይኞቹን የእንጨት ፎቆች በ1589 ያሠራው ማርቲን ብራውን የሚባል የአይብ ነጋዴ ነው።

ከመግባታችሁ በፊት ውጭ ቆማችሁ እዩት። እንጨቱ መሬት አይነካም፤ በድንጋዩ ላይ ነው ያረፈው። ፎቆቹም ወደ ውጭ ወጣ ወጣ ስላሉ ዝናቡ ከታችኛው ግድግዳ ራቅ ብሎ ይወርዳል። የዚህ ዓይነት ቤቶች በእንጨቶቹ መካከል የሚሞሉት ልክ እንደኛ ጭቃ ቤት በማገር ላይ በተመረገ ጭቃና ጭድ ነው፤ መለሰን ያለባቸውም በኖራ ነው። ሲሚንቶ ወይም የፕላስቲክ ቀለም ከተቀቡ በስንጥቁ የገባ ውሃ መውጫ ያጣና መጀመሪያ የሚበሰብሰው ሁሉን የተሸከመው የታችኛው አግዳሚ ይሆናል። ይህኛው ቤት ከ1929 ጀምሮ በታሪካዊ ቅርስነት ስለተመዘገበ ያለ መንግሥት ፈቃድ ማንም አይነካካውም፤ ደግ ተደርጓል!

መስኮቶቹ 75 ናቸው። መስታወታቸው ከጠርሙስ ቂጥ በሚመስሉ ክብ ቁርጥራጮች የተገጣጠመ ስለሆነ ብርሃን ያስገባል እንጂ ውጭውን ጥርት አድርጎ አያሳይም። ካቴድራሉን እያዩ መብላት የሚፈልግ፣ አየሩ ደህና ከሆነ በረንዳው ላይ ይቀመጥ። እኛ ግን ውስጡን እንመርጣለን፤ ሊዮ ሽኑግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድግዳና ጣሪያው ላይ የሣላቸው ሥዕሎች ያሉት እዚያ ነው። ሲሣል ስትራስቡርግ ያለችበት የአልዛስ ክልል በጀርመን ግዛት ሥር ነበር።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ የአገሩ ምግብ ሹክሩት ነው፦ በስሱ ተከትፎ በጨው የተብላላ ጥቅል ጎመን፣ ከጥድ ፍሬና ከነጭ ወይን ጋር የበሰለ። የተለመደው ዓይነት የአሳማ ሥጋና ቋሊማ ይደረብበታል፤ አሳማ የማይበላ ሰው ሳይጠይቅ እንዳያዝዝ። ቤቱ የታወቀበት ግን በሦስት ዓይነት ዓሣ የሚቀርበው ነው፤ እኛም የምንመክረው እሱን ነው። የጎመኑ ኮምጣጣነት የዓሣውን ስብ ይቆርጠዋል። በጢስ የደረቀው ዓሣ ራሱ ጨዋማ ስለሆነ ቀምሳችሁ እንጂ ጨው አትጨምሩ። ስጎው ቅቤና ወይን አለበት፤ «ዓሣ ነው» ብሎ ለጾም የሚያዝዝ ይሳሳታል፣ አልኮል ለማይነካም አይሆንም።

ዋጋው የቱሪስት አደባባይ ዋጋ ነው፤ ለጎመኑ ብቻ ከሆነ በጎን መንገዶቹ ረከስ ያለ ይገኛል። በታኅሣሥ የገና ገበያ ሰሞን ያለ ቀጠሮ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ስትይዙ የላይኛውን ፎቅ ጠይቁ፤ ደረጃው ጠባብና ጠምዛዛ ስለሆነ ግን አዛውንት ወይም መራመድ የሚቸግረው ሰው ካለ ምድር ቤቱ እንዲሰጣችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በትራም ለሚመጣ ቅርቡ ፌርማታ ላንግስትሮስ ግራንድ ሩ ነው፤ ከዚያ የአምስት ደቂቃ ያህል የእግር መንገድ ነው።