የወንድሜን ነርስ አብራችሁ አመስግኑልኝ

እኔ የሰው ጽሁፍ አንብቤ የማልፍ እንጂ ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ይህን ግን ዝም ብል ግፍ ይሆንብኛል። ወንድሜን የምትከታተለውን፣ በተሃድሶ ህክምና ክፍል የምትሰራውን ሲስተር በአደባባይ ላመሰግናት ነው። «ስሜን እንዳታወጪው» ስላለችኝ ስሟን አልጠራም። የምትፈልጓት ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

ወንድሜ በመኪና አደጋ አንገቱ ላይ ተጎድቶ ሁለቱም እጆቹና ሁለቱም እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ኤምአርአዩን አሳይተው ሲ ምናምን የሚል ቁጥር ነግረውናል፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ያየሁት ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ሲስተር ስታስረዳኝ ነው የገባኝ። ህብለ ሰረሰር አንገት ላይ ሲጎዳ ከጉዳቱ በታች ያለው አካልና አንጎል መነጋገር ያቅታቸዋል። ሰው የሚያየው እጅና እግሩን ነው እንጂ ፊኛውም፣ አንጀቱም፣ ላቡም፣ የደም ግፊቱም ይዛባል። ጉዳቱ ወደ ጭንቅላት በቀረበ ቁጥር ይብሳል፤ በጣም ከፍ ካለ ትንፋሽም በማሽን ይሆናል። የኛ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው፤ በራሱ ይተነፍሳል፣ ክርኑን ያጥፋል፣ የእጁን አንጓ ወደ ላይ ያነሳል። ጣቶቹ ግን እንቢ ብለዋል።

እሷ ጋ ከመድረሳችን በፊት ያየነውን ምን ብዬ ልጻፈው። ቦታም ሰውም አልጠራም፤ እነሱ ያውቁታል። አንዱ ጋ አልጋው ግርጌ ቆመው እናቴን «ይበላል? ይተኛል?» እያሉ ይጠይቋት ነበር። የተጎዳው አንገቱ እንጂ አንደበቱ ወይም አእምሮው አይደለም! እሱ ከሁላችንም በላይ ጥርት አድርጎ ይናገራል። ሌላ ቦታ ሌሊቱን ሙሉ በጀርባው አስተኝተውት እያደሩ መቀመጫው ላይ ቁስል ወጣበት። ለምን ብለን ብንጠይቅ የተሰጠን መልስ «አይሰማውም እኮ፣ አያመውም» የሚል ነው። አሁን ሳስበውም ደሜ ይፈላል። ቁስሉ የወጣው እኮ ስለማይሰማው ነው! እኛ ሳናውቀው ስንቴ እንገላበጣለን፤ እሱን ግን ሰው ካላገላበጠው ማን ያገላብጠዋል? ደግሞ «በአጭር ጊዜ አስነስቼ አስሄደዋለሁ» ብሎ ገንዘባችንን የበላም አለ። እሱን ለፈጣሪ ሰጥቼዋለሁ።

አሁን ወደ ሲስተር። ወንድሜ በየጊዜው የሚነሳበት የራስ ምታት ነበረው። ጭንቅላቱ ሊፈነዳ ይደርሳል፣ ፊቱ ቲማቲም ይመስላል፣ ከአንገቱ በላይ ላብ ያጠምቀዋል። በፊት በነበርንባቸው ቦታዎች «ጭንቀት ነው» ይሉና ማስታገሻ ሰጥተው ጋደም ያደርጉት ነበር። እሷ ጋ በሄድን ሰሞን ይኸው ነገር መጣበት። ሲስተር ወደ ሌላ ታካሚ እየሄደች ነበር፤ ፊቱን አየችና ተመለሰች። መድኃኒት ፍለጋ አልሮጠችም። ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው፣ እግሮቹን ወደ ታች አወረደች፣ ሆዱ ላይ የታሰረውን ፈታች። ግፊቱን እንድትለካ ለባልደረባዋ ነገረቻትና ራሷ የሽንት ቱቦውን ከከረጢቱ ጀምራ በእጇ እየዳሰሰች ወደ ላይ ሄደች። ጭኑ ስር ታጥፎ ቆይቷል! ስታቃናው ሽንቱ ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ የፊቱ ቅላት እየለቀቀው ሄደ። እናቴ እዚያው ቆማ አለቀሰች።

ኦቶኖሚክ ዲስሬፍሌክሲያ ይባላል። ከደረት መሃል ከፍ ብሎ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ሊገጥመው ይችላል። ፊኛ ሲሞላ፣ ሆድ ሲደርቅ፣ ቁስል ሲኖር፣ ወደ ሥጋ የገባ ጥፍር እንኳ ቢሆን፣ አካሉ ይጮሃል፤ ጩኸቱ ግን አንጎል ጋ በደንብ ስለማይደርስ የደም ስሮች ይጨማደዱና ግፊቱ በአንዴ ይወጣል። ማስተኛት ያባብሰዋል፤ ካልተደረሰለት ስትሮክ ያመጣል፣ ይገድላልም። የወንድሜ የላይኛው ግፊት ሁልጊዜ 100 አካባቢ ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ላይ ብዙ የማያስደነግጠው 140 ለሱ አደጋ ነው። መንስኤው ቶሎ ካልተገኘ ወይም ግፊቱ ካልወረደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው። ይህን ሁሉ በትንሽ ካርድ ጽፋ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት፤ ድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም ሁሉ ይህን ነገር አይቶት አያውቅም ብላ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የማረከኝ ግን ቀጥሎ ያደረገችው ነው። እኛን ልታስተምረን ነው ብለን ስንጠብቅ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና «ይህን መማር ያለብህ አንተ ነህ። እጅህ ባይታዘዝልህ አፍህ አለ፤ አንተ እዘዝ፣ እነሱ እጅ ይሁኑህ» አለችው። ከአደጋው ወዲህ «አንተ» ብሎ ያናገረው ባለሙያ እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ሁሉንም በቃሉ እስኪይዝ አስጠናችው። አሁን ራስ ምታቱ ጀመር ሲያደርገው «አስቀምጡኝ፣ ቱቦውን እዩ» ብሎ ቤቱን የሚያዘው እሱ ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባልደረባዋንም አመሰግናለሁ። ጣቶቹን በግድ እየዘረጋን ስናሻቸው አስቆመን። አንጓውን ወደ ላይ ሲያነሳ ጣቶቹ በራሳቸው ይታጠፋሉ፤ አንጓውና ጣቶቹ አንድ ላይ እየተዘረጉ ጅማቱ ከላላ ያ ይጠፋል አለን። በዚህ ዘዴ ዛሬ ቀለል ያለ ኩባያ ይይዛል።

እናቴ «ልጄ ይራመዳል ወይ?» ብላ ጠይቃት ነበር። «እናቴ፣ የማላውቀውን ቃል አልገባልዎትም። ቁስሉን ግን አብረን እናድነዋለን» አለቻት። ቁስሉ ድኗል። እድሜና ጤና ይስጥልኝ ሲስተርዬ!

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ያለ ሁሉ ወደሷ ሂዱ። ሂዱ! ስትሄዱ ደግሞ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ማናገር የምትፈልገው ራሱን ታካሚውን ነው።

ወንድሜ ይህን ካነበበ በኋላ «አልጋ ላይ በየ 2 ሰዓቱ መገላበጥ፣ ዊልቸር ላይ ደግሞ ቢበዛ በየግማሽ ሰዓቱ ክብደትን ከመቀመጫ ላይ ማንሳት የሚለውን ረሳሽው፣ ጨምሪ» ብሎ አዞኛል። ጨምሬያለሁ።