አስመራ ቤቱን ፍለጋ ለሚሄድ

አስመራን የለቀቅነው ግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ሻዕቢያ ከተማዋን ሲይዝ እኛም እንደ ብዙ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ በላያችን የለበስነውን ይዘን ወጣን። ተመልሼ ያየኋት በ2011 ዓ.ም.፣ ከስቶክሆልም በአዲስ አበባ በኩል ሄጄ ነው።

በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሃያ ዓመት ተዘግቶ የኖረ መንገድ እንዲህ ቶሎ ሲያልቅ ያናድዳል።

ያረፍኩበት መሀል ከተማ ያለ ሆቴል ንጹሕ ነው፤ ሙቅ ውሃ ግን ጠዋት ብቻ። ካርድ የሚባል ነገር እርሱት፣ ኤቲኤምም የለም። ጥሬ ዶላር ያዙ፤ ምንዛሪው 15 ናቅፋ ነው። የውጭ ሲም ካርድ አይሠራም፣ የካፌው ኢንተርኔት ደግሞ ለእናቴ አንድ ፎቶ ለመላክ ትዕግሥቴን ጨረሰው። ማኪያቶው ግን! የከተማዋ ዋና ጎዳና ኮምቢሽታቶ ላይ ቆሞ የሚጠጣውን የሚያክል ስዊድን ውስጥ አላገኘሁም።

ሙሉ ነጥብ የምሰጠው ለታክሲው ነው። ሾፌሩ አዛውንት ናቸው፣ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። የድሮ ሰፈራችንን ስም «ገዛ ባንዳ» ስላቸው አድራሻ አልጠየቁኝም። «የማን ልጅ ነሽ ጓለይ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። አንድ ሱቅ በር ላይ ቆመው ከባለሱቁ ጋር በትግርኛ ተነጋገሩና በቀጥታ በራችን ላይ አደረሱኝ።

እዚህ ላይ ምክር አለኝ። ቀድመው ሾፌሩ ይግቡ። ሳይታሰብ በር የሚያንኳኳ የድሮ ባለቤት ቤቱን ሊጠይቅ የመጣ ይመስላል፤ ነዋሪዎቹ ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። ሾፌሩ አቦይ ምን እንዳሉ አላውቅም፣ የቤቱ እመቤት ግን ወዲያው ቡና አፈሉልኝ፤ የተኛሁበትን ክፍልም አሳዩኝ። ዋናው ሳሎን ለሁለት ተከፍሏል። ግቢው ከማስታውሰው በጣም ያንሳል። ከታሪፉ በላይ ስሰጣቸው አቦይ ተቆጡ፣ በግድ ኪሳቸው ከተትኩት።

አስጎብኚ መቅጠር ለእኔ ብክነት ነው። ከተማዋ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበችው ለሕንፃዎቿ ነው፤ ሲኒማ ኢምፔሮንና እንደ አውሮፕላን ክንፉን የዘረጋውን የድሮ ነዳጅ ማደያ ፊያት ታልየሮን በእግር መድረስ ይቻላል። ምጽዋ ለመውረድ ግን የጉዞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እንደደረሳችሁ ጠይቁ።

አሁን የምትሄዱ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ስለተቋረጠ በሌላ አገር መዞር ግድ ነው። ትኬቱም በዚያው ልክ ይከብዳል።