ሲፓፕ ማሽን በድሬ ሙቀት፣ ከ8 ወር በኋላ

ጥቅምት ላይ ነው የጀመርኩት። ሲፓፕ ማለት ለማታውቁት፣ ስትተኛ ጉሮሮህ እንዳይዘጋ በማስክ አየር የሚገፋልህ ማሽን ነው። ስመረመር ትንፋሼ በሰዓት 41 ጊዜ ይቆራረጥ ነበር፣ ከ30 ካለፈ ከባድ ነው የሚባለው፣ ከከዚራ ሳቢያን በባጃጅ እስክደርስ እንኳን እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አሁን ጠዋት ስክሪኑ ላይ የማየው 2 ወይ 3 ነው። ማንኮራፋቱም ጠፋ፣ እንደውም መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቴ ዝም ስልባት ደንግጣ ትነቀንቀኝ ነበር።

ብሩ ላይ ስንመጣ ግን ሌላ ወሬ ነው። የመስሪያ ቤቴ የህክምና ሽፋን ካርድና መድሃኒት ይከፍላል፣ አዲሳባ ሄጄ የተመረመርኩትንም በስንት ፎርም አመላልሰው ግማሹን መለሱልኝ፣ ማሽኑን ግን "ይሄ መሳሪያ ነው፣ ህክምና አይደለም" ብለው ደረሰኜን አስታቀፉኝ። አቦ፣ ያለ መሳሪያው ህክምናው የታለ? የ2 ወር ደሞዜን በላ። በቀበሌ የሚመዘገቡበት የማህበረሰብ ጤና መድን ደግሞ ለኔ ቢጤ ቅጥር ሰራተኛ አይደለም። አሜሪካ ያሉት አክስቴ ሜዲኬር በሚባለው የመንግስት የአረጋውያን ጤና መድን ነው ያገኙት፣ እዛ 20 ፐርሰንቱን ራሳቸው እየከፈሉ 13 ወር በኪራይ ይቆይና ከዛ የራሳቸው ይሆናል፣ ግን በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ከ30 ቀን 70 ፐርሰንቱን ሌሊት ቢያንስ 4 4 ሰዓት እንዳደረጉት መታየት አለበት፣ ማሽኑ ራሱ ነው የሚያሳብቅባቸው።

ማንም ያልነገረኝ የውሃው ጣጣ ነው። አየሩን የሚያረጥብ የውሃ እቃ አለው፣ የተጣራ ዲስትልድ ውሃ ነው የሚፈልገው። አንድ ሳምንት ሰነፍኩና የቧንቧ ጨመርኩበት፣ የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ፣ ስሩ ልክ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያችን ነጭ ኖራ ያዘ፣ በአቼቶ ዘፍዝፌ ነው ያስለቀቅኩት። ፊልተሩንም በአቧራው ምክንያት በየ2 ሳምንቱ እቀይራለሁ። መብራት ሲጠፋ አየሩ ይቆምና ብንን ትላለህ፣ ባትሪ ገዝቻለሁ፣ የውሃ ማሞቂያውን ካጠፋኸው ብዙ ይቆያል።

ግንቦት ላይ ሙቀቱ አላስተኛ ሲለን ፍራሽ ግቢ አወጣን፣ እኔም ማሽኔን በኤክስቴንሽን ተከትዬ ወጣሁ፣ የጎረቤት ልጆች እስካሁን ፓይለቱ ነው የሚሉኝ።

ያገለገለ የምትገዙ ካላችሁ፣ ፊሊፕስ በ2013 (በኛ አቆጣጠር) በውስጡ ስፖንጅ ምክንያት ብዙ ማሽን አስመልሷልና ሴሪያል ቁጥሩን ሳታዩ ብር እንዳታወጡ።

የማስኬ ሲሊኮን 6ኛው ወር ላይ ላልቶ አየር ማስወጣት ጀምሯል፣ እሱንም ሽፋኑ አይከፍልም። አክስቴ በሰው እልካለሁ ብለዋል፣ እስከዛ ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጌ እየተኛሁ ነው፣ ጠዋት ጉንጬ ላይ መስመር ይዤ ቢሮ እገባለሁ።